ሸደር ላይ የተንሳፈፈችው ጀልባ

ጅጅጋ የሄድኩት አቶ ደምሴን ለማሳፈር ነበር። ሌላ ምክንያት ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ለማኅበራችን ጀልባ ማስፈለጉ እውነት ነው፤ ግን በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ጉልበቴ ከዝዋይ ተነስቼ ያን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት ለማኅበሩ ብዬ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አቶ ደምሴ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። እኔ የዓሣ ማጽጃውን ክፍል እመራለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አብሬው መረብ ስጥል የኖርኩ ሴት ነኝ። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሸሸ ዳርቻው ጭቃና ፊላ የሚባለው ረጅም የውሃ ሣር ብቻ ሲሆን፣ አምባዛ የሚባለውም ዓሣ ወደ ፊላው ውስጥ ገባ። እዚያ የሚገባ ሰው ሆዷ ዝርግ የሆነች፣ ብትጫንም ከውሃ በታች ከአንድ ስንዝር የማትወርድ ጀልባ ያስፈልገዋል። ይህን በስብሰባ ተናገርኩ። አቶ ደምሴ ግን ሆዱ የሾለ ከባድ የብረት ጀልባ አስገዛ። ጀልባው በመጀመሪያው ቀን ጭቃው ላይ ተቀምጦ ቀረ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበራችን ብድግ ብሎ፣ ጀልባውን ያስቀመጠው የሴቶቹ የዓሣ ሣጥን ክብደት ነው አለ። ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ሰው ሁሉ ባዶ መሆናቸውን ያውቃል፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ በደረስኩበት ሁሉ «ጭቃ መርማሪዋ መጣች» ይባላል። ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው።

ሽንኩርት ሊገዛ ዝዋይ የሚመላለስ አህመድ የሚባል የጅጅጋ ነጋዴ አለ። አንድ ቀን ስለ ጀልባ ስነጫነጭ ሰምቶ፣ «ኤዶ፣ ጀልባ እኔ ጋ አለ» አለኝ። ኤዶ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩበት። ግን እውነቱን ነበር። ዋቢ ሸበሌ ሲሞላ ሰው የሚሻገርበት ጀልባ አምጣልን ያሉት ሰዎች፣ በበርበራ በኩል ካስመጣ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረውበት ሁለት የፋይበር ጀልባዎች በእጁ ቀርተዋል። አንደኛው ጅጅጋ መጋዘኑ ውስጥ፣ ሁለተኛዋ ሸደር እናቱ ግቢ ተቀምጠዋል።

ስብሰባ ላይ ሳቀርበው አቶ ደምሴ፣ «ሶማሌ ክልል? ጀልባ? ግመል ጭነሽ እንዳትመጪ ብቻ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ማን ማን እንደሳቀ አንድ በአንድ ለይቼ ያዝኩ። ከዚያ ተነስቼ፣ የማመጣት ጀልባ ፊላው ውስጥ ካልገባች የማጽጃ ክፍሉን ለቅቄ ቤቴ እቀመጣለሁ አልኩ። ማጽጃው እንጀራዬ ነው። ከባለቤቴ ሞት በኋላ ከሰው ጋር የሚያገናኘኝም እሱ ብቻ ነው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ መመለስ ግን አልወደድኩም።

የመጀመሪያው ቀን በመንገድ አለቀ። የባለቤቴ እህት አልማዝ ሻንጣዋን አውሺኝ ብላት ዚፑ ተበላሽቷል ስላለችኝ ልብሴን በማዳበሪያ ቋጥሬ ነው የወጣሁት። በሳምንቱ በዚያው ሻንጣ ልጇን ስትሸኝ ዚፑ ደኅና ነበር። ሞጆ ላይ ወርጄ የሐረር አውቶቡስ ያዝኩ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ ልብ ያጠፋል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ጫቱን እያላመጠ መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔ እከፍታለሁ። አሰበ ተፈሪ ለምሳ ስንወርድ፣ እሱው ራሱ ደረጃው ላይ እጄን ይዞ አወረደኝ። አመሰግናለሁ ሳልል አለፍኩ። ሐረር የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርኩበት ፔንሲዮን የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። የቤቱ ሠራተኛ ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥታ፣ «ይሄ ለፊትም ለእግርም ነው፤ የተረፈውን እንዳይደፉት» አለችኝ። «እኛ አገር ይሄን ለአህያ እንኳ አናቀርበውም» አልኳት። ባልዲውን አስቀምጣ ወጣች። ያን ጊዜ ደስ ያለኝ ደህና የመለስኩላት መስሎኝ ነው።

በሁለተኛው ቀን በሚኒባስ ወደ ጅጅጋ ተጓዝኩ። ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛሁ። ከባቢሌ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ የቆመበት ሸለቆ አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲያነሳ እኔ መለኪያ ዱላዬ እንዳይሰበር ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። ዱላው በየስንዝሩ በቢላ ምልክት የተደረገበት ነው፤ እኛ ጋ የውሃ ጥልቀት የምንለካው በእሱ ነው። ካራማራ ኬላ ላይ ፈታሹ ወታደር ተቀበለኝና አገላብጦ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የጀልባ መለኪያ።»

«የምን አልሽኝ?»

«ጀልባ ልገዛ ነው የምሄደው።»

«ወዴት?»

«ጅጅጋ።»

ጓደኛውን ጠራው። «ና ስማ! እናታችን ጅጅጋ ጀልባ ሊገዙ ነው።» ከዚያ ዱላውን በሁለት እጁ አክብሮ መለሰልኝና፣ «ባሕሩን ያገኙት እንደሆነ ለኛም ይደውሉልን፤ ዋና ናፍቆናል» አለ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ለእኔ ግን የአቶ ደምሴ ድምፅ እዚያ ድረስ ተከትሎኝ የመጣ መሰለኝ። እስከ ጅጅጋ ቀና አላልኩም።

አህመድ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በባጃጅ ቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ ሆደን ደጃፍ ላይ ተቀበለችኝ፤ አማርኛዋ ከባሏ ይሻላል፤ ቢሮ ነው የምትሠራው። ምሳ ቀረበ፤ በድንች የተሠራ ፓስታ፣ ከጎኑ ሙዝ። ፓስታ በሙዝ! እኔ የእስላም ሥጋ አልበላም፤ ይህን ደግሞ አልነገርኳቸውም፤ እንዴት እንደምናገር ሳስብ ነበር የመጣሁት። ሆደን ፊቴን አይታ፣ «ኤዶ፣ ሥጋ የለውም። ድስቱም አዲስ ነው፤ ላንቺ ብዬ ነው የገዛሁት፤ ሥጋ አልነካውም» አለችኝ። አመስግኜ መብላት ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ማጀት ስትመለስ ሰሐኑን አንስቼ አሸተትኩት። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምንም እንዳላየች ሆና የረሳችውን ጨው አስቀምጣልኝ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጅጅጋውን ጀልባ አየን። በሩቅ የሚያምር፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀባ ነው። አህመድ ሆዱን እንደ በሬ እየደበደበ፣ «ጠንካራ ነው፤ እዪው!» ይለኛል። ጎንበስ ብዬ ሥሩን ዳሰስኩ። መካከሉ ላይ እንደ ከሲታ ሰው አከርካሪ ሾሏል።

«ይሄ የባሕር ነው» አልኩት። «ማዕበል ይሰነጥቃል። የኛ ፊላ ውስጥ ግን እንደ ማረሻ ጭቃውን ያርሳል።»

«ታዲያ ጀልባ ጀልባ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም።»

«የሸደሯን ነዋ የምትፈልጊው። እሷ እንደ ትሪ ናት» ብሎ ሳቀ። «እኔማ የተበላሸች መስላኝ ነበር።»

ሸደር የስደተኞች ካምፕ ያለባት ትንሽ ከተማ ናት፤ የእርዳታ መኪና ሲመላለስባት ይውላል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ተራቁቷል፤ ከብቱ አጥንቱ ይቆጠራል። እኔ የተቀመጥኩት የራሴን ጉዳይ እያሰብኩ ነው፤ ይህችኛዋም የማትሆን ከሆነ ምን ይዤ ነው የምመለሰው እያልኩ።

የአህመድ እናት ሆዮ ሀሊማ ትባላለች። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ከእኔ ትበልጣለች፤ ቀጥ ያለች ቀጭን ሴት ናት፤ በገበያ የለቀመችው አማርኛ አላት። ሁለቱን እጆቼን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ «ደከመሽ» አለችኝ። ቤቴን ትቼ ከወጣሁ ጀምሮ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም።

ጀልባዋ ዳስ ሥር፣ ከጄነሬተር አጠገብ ተደፍታ ሳይሆን ተቀምጣ ነበር። ገና ሳያት ልቤ ደነገጠ። ሰፊ፣ ዝርግ፣ ቀላል። ለሁለት አነሳናት። ስንጥቅ ፈለግሁ፤ የለም። ምን ዓይነት ጀልባ እንደምፈልግ ነግሬ አሠርቻት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትሆንም። ግን ውሃ ሳትነካ እንዴት አምናለሁ? በደረቅ መሬት ላይ ሁሉም ጀልባ ጥሩ ነው፤ አቶ ደምሴም ያችን ብረት የገዛው መጋዘን ውስጥ አይቶ ነው።

ያን ጊዜ ነው ብርካውን ያየሁት። ብርካ በሲሚንቶ የተለሰነ ትልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ አፉ እንስሳ እንዳይገባበት በእሾህ ቅርንጫፍ ተሸፍኗል። በቅርንጫፉ መሐል ውሃው ያብረቀርቃል።

«እዚህ ላይ እንሞክራት» አልኩ።

አህመድ ወደ ብርካው ዘወር ብሎ አየ። ከዚያ፣ «ኤዶ፣ ይሄ እኮ የመጠጥ ነው» አለ።

«ጀልባ ውሃ አይጠጣም» አልኩት። ቀልድ መስሎኝ ነው።

እናቱን በሶማልኛ አነጋገራት። እሷ ብርካውን አየች፤ እኔን አየች፤ አጭር ነገር ተናገረች። «እንግዳ ከጠየቀ ይሁን ትላለች» አለኝ። እሾሁን በዱላ አነሱ። ከጎረቤት ሁለት ወንዶች መጡ። የጀልባዋን ውጪ አህመድ ራሱ በጨርቅ ወለወለና በገመድ አወረድናት። ተንሳፈፈች! እንደ ቅጠል። አህመድና ሁለቱ ሰዎች ገቡባት፤ በዱላዬ ለካሁ። ስንዝር አልሞላም። እንደገና ለካሁ። አልሞላም። እንባዬ መጣ፤ ፊቴን አዞርኩ።

«በቃ ኤዶ? እናውጣት?»

«አይበቃም» አልኩ። «እኛ ጋ ጀልባ ሳይገዛ ውሃ ውስጥ ይቆያል። እስከ ማታ ትቀመጥ፤ ታፈስስ እንደሆነ ልይ።»

እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እውነት ነው። እኛ ጋ ከዚያ በፊት የሚደረግ ሌላ ነገርም አለ። የወለሏ ሳንቃ ይነሳል፤ ከሥሩ የቀረ ዘይት ይጠረጋል፤ የኋላዋ ቀዳዳ መድፈኛ ይጠብቃል። ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነው። እኔ በዚያች ሰዓት በአእምሮዬ ከአቶ ደምሴ ጋር እየተከራከርኩ ነበር፤ ሳንቃው ትዝ አላለኝም።

ወደ ማታ ሻይ በወተት ቀረበልኝ። ስልኬን አወጣሁና ዝዋይ ደወልኩ፤ ለራሱ ለአቶ ደምሴ። «ጭቃ መርማሪዋ ነኝ» አልኩት። «ጀልባዋ ሦስት ሰው ተጭና ስንዝር አልሞላችም። ለማኅበሩ ንገርልኝ።» እሱ አንድ ነገር እየመለሰልኝ ሳለ በተከፈተው በር ፍየሎቹ ሲገቡ አየሁ። ሆዮ ሀሊማ ከብርካው ቀድታ ገንዳቸው ላይ ገለበጠች። ፍየሎቹ እየተጋፉ መጡ፤ አፍንጫቸውን አስጠጉ፤ አነጠሱ፤ ወደ ኋላ ሸሹ። አንደኛዋ ተመልሳ አሸተተችና እንደገና ራሷን አዞረች። አሮጊቷ እጇን ውሃው ውስጥ አስገባች፤ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። አህመድን ጠራችው።

ስልኩን ዘጋሁ። አህመድ ወደ ቤት ሲገባ ፊቱን አስተካክሎ ነው የገባው።

«ፍየሎቹ ምን ሆኑ?» አልኩት።

«ምንም። ጠግበዋል።»

በዚያ ድርቅ የጠገበ ፍየል! ገብቶኛል። መግባቱን ደግሞ እሱ አውቋል። «እሺ» አልኩና ሻዬን አነሳሁ። ጀልባዋን አወጧት፤ ዳሱ ሥር መለሷት፤ እሾሁን ብርካው ላይ ደረቡት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ጠዋት እናገራለሁ ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ፤ ይህን ለመጻፍ እንኳ አፍራለሁ።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ብርካውን ተመለከትኩ። በውሃው ላይ ሁሉም ዓይነት ቀለም ይንቀሳቀሳል። ጀልባዋ ውስጥ ገብቼ ሳንቃውን አነሳሁ። ሥሩ የጄነሬተር ጥቁር ዘይት ነበር፤ መድፈኛው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዘይቱ በእሱ በኩል ወጥቷል። ሆዮ ሀሊማ ከግቢው ዳር ለሶላት ትዘጋጃለች። መዳፎቿን አፈር ላይ አሳርፋ ፊቷንና እጆቿን ዳሰሰች። በውሃ ፈንታ።

ከዚያ ሴቶች ጀሪካን ይዘው መጡ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ብርካው የእሷ ብቻ አልነበረም ለካ፤ የጎረቤቱም ነው። ደግሞ የዝናብ ውሃ አልነበረም። ዝናብ ከየት መጥቶ? በቦቴ ያስመጡት ነው። ሆዮ ሀሊማ ለእያንዳንዷ በለሆሳስ ትነግራለች። እነሱም እኔን ያያሉ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል፤ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አንዷ ብትሰድበኝ እንዴት በወደድኩ! ከሰደበኝ ሰው ጋር መኖር አውቅበታለሁ።

«ሆዮ» አልኳት። «ሳንቃውን ማንሳት ነበረብኝ። አውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ጀልባው ዋኘ?» አለችኝ።

«ዋኘ።»

«አልሰመጠም?»

«አልሰመጠም።»

«ጥሩ ነው» አለች፤ ከልቧ ደስ ብሏት። «እዚህ ጀልባ የዋኘበት ብርካ ሌላ የለም።» ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

ሌላ ቦቴ በእኔ ይሁን ብዬ አህመድን ለመንኩት። «እንግዳ እኛ ቤት ውሃ አይገዛም» አለና ስለ ጭነቱ ማውራት ጀመረ። ብርካው ባዶ መሆን ነበረበት። በባልዲ እየተቀበሉ ቀዱት፤ ቤት የሚሠራ ጎረቤት ውሃውን ለሲሚንቶ ማቡኪያ ወሰደው። አንድ ባልዲ ላንሳ ብዬ ስነሳ፣ አንዷ ሴት ትከሻዬን ይዛ ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ። ጉልበቴን አይታ ነው። እዚያው ተቀምጬ፣ ሊጠጡት የነበረውን ለሲሚንቶ ሲገለብጡ አየሁ።

አህመድ ሽንኩርት ለማምጣት ባዶ የምትሄድ አይሱዙ ነበረችው፤ ጀልባዋን ደፍተው ጫኑባት፤ እኔም ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ልንነሳ ስንል ሆዮ ሀሊማ በመስኮት በኩል ለመንገድ ብላ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ አቀበለችኝ። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅሁም። ተቀበልኳት። ምን ማድረግ ነበረብኝ? አልፈልግም ብል ደግሞ የዘረጋችውን እጅ መመለስ ነው።

ሐረርን ሳንወርድ አልፈን ሂርና አደርን፤ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝዋይ ገባን። መንገዱን አላስታውሰውም።

በነጋታው ማኅበሩ በሙሉ ዳርቻው ላይ ወጣ። ጀልባዋን በሴቶቹ ሣጥን፣ በመረብና በሦስት ሰው ጫንናት፤ ሣጥኖቹን በዓሣ እንዲሞሉ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ልጆቹ በእንጨት ገፏት። ፊላውን እያሻሸች ገባች፤ ጭቃው ላይ ተንሸራተተች፤ ወዲያ ማዶ ብቅ አለች። ሰው አጨበጨበ። በዚያ ስብሰባ ላይ የሳቁት በሙሉ ነበሩ፤ አንድ በአንድ አየኋቸው። አቶ ደምሴ ወደ እኔ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ ዘነበች» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በጀልባ ነገር ከእንግዲህ አንቺ ያልሽው ነው። የዚያን ጊዜም ሣጥኑ አልነበረም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ለዚህች ቃል ስንት ዘመን ጠበቅሁ። ስትመጣ ደስታው አልመጣም፤ ደረቴ ውስጥ ፈለግሁት።

«ግን አንድ ነገር ንገሪኝ» አለ፤ አሁን እየቀለደ አልነበረም። «በዚያ ደረቅ አገር የት ውሃ አግኝተሽ ነው የሞከርሻት?»

ሰው ሁሉ መልሴን ለመስማት ተጠጋ። ከጀርባችን ሴቶች ከሐይቁ በጀሪካን ይቀዳሉ፤ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሾፌር መኪናውን እስከ ጎማው አስገብቶ ያጥባል።

«ሰው በሚጠጣው ውሃ ላይ» አልኩት።

ሁሉም በአንድ ላይ ሳቁ። አቶ ደምሴም ሳቀ፤ «እሷ እኮ መልስ አታጣም!» አለ። እኛ ጋ ጀልባ ሌላ የት ይሄዳል? ዘወትር ሰው በሚጠጣው ውሃ ላይ ነው። ቀልድ እንዳልሆነ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ አጨበጨቡልኝ።